የመሪጌታ ቀይ ቀለም

ሩሐማ የውጤቱን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ከሐይቁ ዳር መንደር የአርባ ሰው ጸጉር ሰብስባ ነበር፤ የሠላሳ ስምንቱ ከመርዝ ንጹሕ ነው። ቁጥር ዐሥራ ሰባት ግን እጅግ ከፍ ብሏል። ቁጥር ዐሥራ ስምንትም የዚያን ያህል ባይሆንም መንገዱን ጀምሯል።

ወረቀቱ ላይ ስም የለም። እሷ ግን ታውቃለች። ዐሥራ ሰባት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ናቸው፤ ዐሥራ ስምንት ልጃቸው ኪዳነ ወልድ ነው።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ሩሐማን የሚያውቋት ሁሉ «ጠንካራ ናት» ይሏታል። አባቷ ከአዲስ አበባ መጥተው ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ያረጁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ከእናቷ ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር ሹም አቦ ሰፈር ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትመራመረው ስለ ቆሻሻ ውኃ ማጣራት ነው፤ በተለይ ስለ ሜርኩሪ። አገሬው ባዜቃ ይለዋል። የሙቀት መለኪያ ሲሰበር መሬት ላይ እንደ ብር ጠብታ የሚንከባለለው ነገር ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ውስጥ ሲገባም ቶሎ አያሳብቅም፤ እጅ ማንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ እያደር የሰውየውን ጠባይ ሳይቀር ይለውጣል።

ከኪዳነ ወልድ ጋር የተዋወቁት በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት እምቦጭ ፍለጋ ወደ መንደሩ በጀልባ ሄደች፤ ሐይቁን የወረረውን ያን አረም አክስላ ማጣሪያ ልትሠራበት አስባ ነበር። እሱ ከመንደሩ ወጣቶች ጋር እስከ ደረቱ ውኃ ገብቶ አረሙን ይነቅላል።

«እኅቴ፣ ይህን የተረገመ ነገር ስጡኝ ያለች የመጀመሪያዋ ሰው ነሽ» አላት።

«ስንት ልትሰጠኝ ትችላለህ?»

«ዐይንሽ እስከሚያይ ድረስ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸውን አቆሙና ዐይናቸው አንዱ ከሌላው ላይ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩሐማ ወደዚያ መንደር የምትሄድበት ምክንያት በዛ፤ አንዴ ጭቃ ልትወስድ፣ አንዴ ዓሣ ልትመረምር፣ አንዴ የሰው ጸጉር ልትሰበስብ። ኪዳነ ወልድ ደግሞ ጀልባዋ ስትቃረብ ሁልጊዜ ዳር ላይ የሚሠራው ነገር አያጣም። አንድም ቀን «እወድሻለሁ» አላላትም። እሷም አልጠበቀችም፤ ምክንያቱን ታውቀዋለችና።

እሱ ዲያቆን ነው። አባቱ በብራና ላይ የሚጽፉ ስመ ጥር ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ልጃቸውንም ብራና መዳመጥና ቀለም መፍጨት ያስተማሩት ገና በሕፃንነቱ ነው። ጎርጎራ ለሚኖሩ አንድ የታወቁ ቄስም «ልጅህን ለልጄ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ስለ ሩሐማ አንድ ቀን ሲነሣባቸው «የተማረች ናት፤ ክፉም አይደለች» አሉ ይባላል። «ግን የደመወዝተኛ ልጅ ናት። የደብሩን ሥርዓት ከየት ታውቀዋለች?»

ይህ ሁሉ አሁን ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ ላይ ልቧ ላይ ወደቀ።

* * *

በማግሥቱ ወደ መንደሩ ሄደች። ዓሣው ተመርምሮ ንጹሕ ነው። ጎረቤት ሁሉ ያንኑ ዓሣ ይበላል፣ ያንኑ ውኃ ይጠጣል፤ ግን ጤነኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለው በአባትና በልጁ ቤት ውስጥ ነው።

መሪጌታ በመጻፊያ ክፍላቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ጥቁሩ መስመር ቀጥ ብሎ ይወርድና የቅዱሳን ስም ሲመጣ በቀይ ይተካል። ሩሐማ ግን ያየችው ጽሕፈቱን አልነበረም። ግራ እጃቸው የቀኝ አንጓቸውን ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። ካልያዙት ብርዑ ይንቀጠቀጣል።

ጥግ ላይ፣ ፍም ላይ በተጣደ ገል ውስጥ ደማቅ ቀይ ዱቄት ይሞቃል። ትንሿ መስኮት ዝግ ናት።

«ይህ ምንድን ነው፣ መሪጌታ?»

«ቀዩ ነዋ። ሌላው ጸሐፊ ከአበባና ከአፈር ያወጣዋል። እኔ የማወጣው ከድንጋይ ነው፤ አባቴ እንዳስተማሩኝ። ተፈጭቶ በፍም ሲሞቅ ይነቃል። መስኮቱን የዘጋሁት ነፋስ እንዳይበትነው ነው። የኔን ቀይ የልጅ ልጅሽ መጥታ ብታየው እንዲሁ ነው፤ አይደበዝዝም።»

ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኩራት የሩሐማን አፍ ዘጋው። ለእንዲህ ያለ ሰው «አባትዎ ያወረሱዎት ጥበብ መርዝ አለበት» ይባላል? ቢባልስ፣ ሳያረጋግጡ ይባላል? ሰው ከደጅ ጠርቷቸው ሲወጡ ከገሉ ቁንጥር ዱቄት አንሥታ በወረቀት ጠቀለለች። ቀና ስትል ኪዳነ ወልድ በሩ ላይ ቆሟል።

እጇን አየ። ፊቷን አየ።

«ሦስት ቀን ስጠኝ» አለችው።

«ለምኑ?»

«ሦስት ቀን ብቻ፣ ኪዳኔ።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እንዲያ ሲያምናት ማየት ከምንም በላይ አስጨነቃት።

* * *

ዱቄቱ ባዜቃ ሞልቶበታል። በሁለተኛው ቀን ውጤቱን ይዛ ወደ አለቃዋ ወደ ዶክተር ደሞዝ ሄደች፤ ለቤተሰቡ እንዴት ብላ ብትነግር እንደሚሻል ልታማክረው ነበር። ዶክተር ደሞዝ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደነገጠ። «የቆሎ ተማሪዎችስ እዚያ ቤት አይገቡም? ነገሩ አንድ ቀንም ማደር የለበትም!» አለ። እሷ ሳታውቅ ያንኑ ቀን ለወረዳው ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ጧት በጀልባ ስትደርስ የወረዳው ሰዎች ቀድመዋታል። አፋቸውን የሸፈኑ፣ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች የመሪጌታን የቀለም ጽዋዎች፣ ድንጋዩን፣ ብርዑን፣ ያላለቀውን መጽሐፍ ሳይቀር በፕላስቲክ እየጠቀለሉ ያወጣሉ። የባሰው ደግሞ ቀኑ የደብሩ ሽማግሌዎች መጽሐፉ የደረሰበትን ለማየት የተሰበሰቡበት መሆኑ ነው። ከሰዎቹ አንዱ «መርዝ ነው፣ አትጠጉ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። መሪጌታ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ብቻቸውን ቀሩ፤ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል።

ኪዳነ ወልድ ወደ ሐይቁ ዳር መጣባት።

«ሦስት ቀን ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«እኔ አልላክኳቸውም። በእናቴ ስም—»

«ቀለሙን ስትወስጂ አይቼሻለሁ! ዝም ያልሁት ስለማምንሽ ነው። አንድ ቃል ብትነግሪኝ በገዛ እጄ አውጥቼ እሰጥሽ ነበር። አባቴን በሽማግሌ ፊት እንዲህ ታዋርጂያቸው?»

«ልክ ነህ። መጀመሪያ ለአንተ መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ተሳስቼ እንዳይሆን ፈራሁ። ልክ ሆኜ እንዳይሆንም ፈራሁ።»

«ሰው እኮ ናቸው፣ ሩሐማ» አላት። ድምፁ ተሰበረ። «አባቴ ጭቃ አይደሉም፤ ዓሣ አይደሉም። ሰው ናቸው።»

ስለ ቁጥር ዐሥራ ስምንት ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ጀርባውን ሰጣት። ጀልባዋ ስትመለስ ሩሐማ ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች። ወደ ኋላ ብታይ ዘልላ ውኃ ውስጥ የምትገባ መስሏታል።

* * *

እናቷ ሁለት ቀን ታገሡ። በሦስተኛው ወረቀትና እስክሪፕቶ አምጥተው ጉልበቷ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ዕንባሽን ትራስ ላይ አታፍስሺው። ለባለቤቱ ላኪለት።»

ጻፈች።

«ኪዳኔ፤ ይህን የምጽፍልህ እንድትታረቀኝ ብዬ አይደለም። ለወረዳ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለአባትህም እግራቸው ሥር ወድቄ እነግራቸዋለሁ። ግን እውነቱን እወቅ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው በእርጅና አይደለም። ቀዩ ድንጋይ ውስጥ ባዜቃ አለ፤ በፍም ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል፤ መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ሌላ መውጫ የለውም፣ እሳቸው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

«እንደምወድህ ለመንገር ከዚህ የከፋ ጊዜ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ሌላ ጊዜ ላይሰጠኝ ይችላል። እወድሃለሁ። ጎርጎራ ቃል እንደተገባልህም አውቃለሁ። ብታገባም አልረግምህም፤ ደስታህን እንጂ ሌላ አልመኝልህም። በምላሹ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ያን ድንጋይ ዳግመኛ አትፍጭ። አንተ አብዛኛውን ቀን ደጅ ስለምትውል እንደ እሳቸው አልባሰብህም እንጂ መርዙ አንተንም ጀምሮሃል። ጸጉራቸውን ከወሰድኩባቸው አርባ ሰዎች ውስጥ ዐሥራ ስምንተኛው አንተ ነህ።»

ደብዳቤውን ለባለ ጀልባው ሰጠችው። ባለ ጀልባው ተመልሶ «በእጁ ሰጥቼዋለሁ» አላት። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ሳትጠይቀው ሌላ ወሬ ነገራት፦ ኪዳነ ወልድ ወደ ጎርጎራ ሄዷል። አባቱ የሰጡትን ቃል ሊፈጽም ነው ተብሏል።

ሩሐማ «እሺ» አለች። ቤተ ሙከራ ገብታ የእምቦጩን ከሰል ትመዝናለች፣ ውኃ ታፈስበታለች፣ የወጣውን ትለካለች። ማጣሪያው ይሠራል፤ ባዜቃውን ይይዛል። ዶክተር ደሞዝ ሊያመሰግናት ቢመጣ ፊቷን አይቶ ተመለሰ።

* * *

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጧት የቤተ ሙከራው በር በዘንግ ተንኳኳ። ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደፉ ላይ ቆመዋል። መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ናቸው።

ሩሐማ ተነሣች፤ ወንበር አቀረበችላቸው። አልተቀመጡም። ከብብታቸው የተከፈተ ደብዳቤ አወጡ። የእሷ ነው።

«ልጄ አልከፈተውም» አሉ። «ሣጥን ውስጥ ከትቶት ሄደ። የከፈትሁት እኔ ነኝ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ለንስሓ አባቴም ተናግሬአለሁ።»

ፊቷ ጋለ። ሁሉንም አንብበውታል ማለት ነው።

«ስለ እኔ የጻፍሽውን ሳነብ ተቆጣሁ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እጄ ቢንቀጠቀጥ ምን ይደንቃል አልሁ። ስለ ልጄ የጻፍሽውን ሳነብ ይብስ ተቆጣሁ።» ወረቀቱን በጣታቸው ጠቆሙ። «ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረስሁ። ዐሥራ ስምንተኛው የኔ ልጅ ነው?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ያስፈጨሁት እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ። ‹ደኅና አድርገህ ፍጨው፤ ዱቄቱ ይላም› እያልሁ።» አሁን ተቀመጡ። «ይድናል? ስለ እመቤቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እንደ ሐኪም አታባብዪኝ።»

«ይድናል። የእሱ ገና ጅምር ነው። ከድንጋዩ ከራቀ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ያስወጣዋል። ሐኪም ማየት አለበት፤ ካስፈለገም መድኃኒት አለው።»

«የኔስ?»

ልትዋሽ ወደደች። አልቻለችም። «የእርስዎም ይቀንሳል። የእጅዎ መንቀጥቀጥ ግን… ፈጽሞ ላይተውዎት ይችላል።»

«ይሁን፣ ይሁን» አሉ ፈጠን ብለው፤ የማይረባ ነገር የተነገራቸው ይመስል። «የልጁን ነው የጠየቅሁሽ።»

ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሌላ ቀይ ድንጋይ ነው።

«ይህንን አላገኙብኝም። መጽሐፉን ሲመልሱልኝ ልጨርስበት ደብቄው ነበር። ዐሥራ ሁለት ቅጠል ነው የቀረኝ። አሁን አንቺ የምታደርጊውን አድርጊው። ወደ ሐይቁ ብቻ አይግባ። ጽዋዬን ሳጥብ የኖርሁት እዚያ ነው፤ ሳላውቅ።»

ሩሐማ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። አስቀድሜ ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አሉ። አላባበሏትም። ቆይተው ግን «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሏት። «አሁን ተነሽ። ኪዳነ ወልድ ዛሬ በመርከብ ከጎርጎራ ይገባል። አብረን እንቀበለው።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«ደብዳቤው የሱ ነው። እኔ ሰርቄዋለሁ፤ አንቺ ስጪው።»

ሩሐማ ደብዳቤውን ተቀብላ ተከተለቻቸው።

* * *

መርከቡ ዘግይቶ ገባ። ጆንያ የተሸከመ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሕፃን ያዘለ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወረደ። ኪዳነ ወልድ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር። ከስቷል። አባቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ እየሮጠ መጣ።

«አባየ! ምን ሆኑ? ማን ሞተ?»

«ማንም። ደብዳቤህን ከፍቼ አነበብሁት።»

ያኔ ነው ከአባቱ ኋላ የቆመችውን ያያት። ሩሐማ ሳትናገር ወረቀቱን ዘረጋችለት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሰው ይገፋዋል፤ አይሰማውም። ሩሐማ እያንዳንዷን መስመር በቃሏ ታውቃለች፤ ዐይኑ የት እንደደረሰ ትከተላለች። ፍጻሜው ላይ ሲደርስ እጁን ገልብጦ ጣቶቹን አየ።

«የኔን ነገር ለምን መጨረሻ ላይ ጻፍሽው?» አላት በቀስታ።

«መጀመሪያ ብጽፈው ሌላውን መጻፍ አልችልም ነበር።»

ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባየ፣ እኔም የምነግርዎ አለ። ቃልዎን መለስሁ። የልጅቷን አባት ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።»

«መቼ?»

«በደረስሁ በሦስተኛው ቀን። መመለሱን ግን ፈርቼ እዚያው ሰነበትሁ።»

«ይህን ደብዳቤ ሳታነብ?»

«ሳላነብ።» ወደ ሩሐማ ተመለሰ። «ተቆጥቼሽ ነበር። አሁንም ጨርሶ አልበረደልኝም። ግን ጧት ስነሣ የምቆጣው አንቺን፣ ሰው ሲያወራኝ የምመልሰው ለአንቺ፣ እህል ስቀምስ የምኮራረፈው ከአንቺ ጋር ነው። ልቤ እንዲህ አንቺ ዘንድ ተቀምጦ ሌላ ሴት ማግባት ለሷም ግፍ ነው አልሁ።»

ሩሐማ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደች።

መሪጌታ ዘንጋቸውን መሬቱ ላይ ተክለው ወደ ልጃቸው አዩ።

«ቃሌን ሰብረኸዋል» አሉት። «ይህን ዛሬ አልረሳልህም። ነገም አልረሳልህ።» ቀጥለው ድንገት ወደ ሩሐማ ዞሩ። «አንቺ፣ ትጾሚያለሽ?»

«እጾማለሁ፣ አባቴ።»

«በጾም ዓሣስ?»

«አልበላም። እመረምረዋለሁ እንጂ።»

ሽማግሌው ሊቆጡ ፈልገው አቃታቸው። ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሲያበቁም በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

«የቀረውን ዐሥራ ሁለት ቅጠል አንተ ትጽፈዋለህ» አሉት ልጃቸውን። «ቀዩን ከአፈር አውጣው። ይደበዝዝ እንደሆነ ይደብዝዝ። እኔ ለመጽሐፉ ብዬ አንተን…» እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ቆዩ፤ ከዚያ የሁለቱንም ፊት ሳያዩ ባጃጆች ወደቆሙበት ብቻቸውን መራመድ ጀመሩ።

ሁለቱ በወደቡ ግርግር መካከል ቀሩ። መርከቡ ባዶ ሆኗል።

«መቼ ነው የምመረመረው?» አላት።

«ነገ ጧት። ሐኪሙ ይጠብቅሃል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከሐኪሙ ቀድሜ እደርሳለሁ።»

ኪዳነ ወልድ እጇን ያዘ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዲያቆን መሆኑን በሚያውቅ አገር መካከል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደርቆ የነበረው የሩሐማ ዕንባ ያኔ ወረደ። ልትጠርገው አልፈለገችም። ጠንካራ ናት ይሏት የለ? ዛሬ ግን ደካማ መሆን እንዴት ያለ ዕረፍት እንደሆነ አወቀች፤ ፊቷን ወደ እሱ እንዳዞረች፣ እንዲያያት ተወችው።